በሰው ማሽን ላይ የሠራነው ግቢ

ክላውድ ጌም የሚባለውን ነገር ወደ ቤታችን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወንድሜ ጥፋቴን እየሸፈነልኝ ስለሚዞር ነው። ሰው ሲጠይቀው "የኔትወርክ ነገር ነው" ይላል። የኔትወርክ ነገር አይደለም።

የምኖረው ከአገሬ ርቄ፣ በሰሜን አውሮፓ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እየሠራሁ ነው። አብራኝ የምትሠራ ሴት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአዳራሹን ቴሌቪዥን ከፍታ ለአረጋውያኑ የእርሻ ጌም አመጣችላቸው። የሚታረስ መሬት፣ የሚታጠር አጥር፣ ከጓሮ ጓሮ የሚሯሯጡ ዶሮዎች። ማሽኑ የት እንዳለ ጠየቅኋት።

"ማሽን የለም" አለችኝ። "ጌሙ የሚሠራው ኩባንያው ዘንድ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው።"

ኮምፒውተሩስ የት አገር ነው ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች። ያን ጊዜ ይህ አላስፈራኝም። ያሰብሁት ስለ ወንድሜ ነበር።

ወንድሜ ንፋስ መውጫ ነው የሚኖረው። ባጃጅ ተገልብጦ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አይንቀሳቀስም፤ እናታችንም ከእርሱ ጋር ነበረች። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ተፋጥጠው ይውላሉ። ስልኩ ርካሽ ስለሆነ ከባድ ጌም አይሸከምም፤ የሚመጣ ምስል መቀበል ግን አያቅተውም። አገልግሎቱ በእኛ አገር ስለማይሰጥ አካውንቱን በእኔ ስም ከፈትሁ። ፓስወርዱም እኔው ጋ ሆነ። እርሱ ስልኩን ከአሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አያያዘና በመጀመሪያው ቀን ደወለልኝ።

"እታለም፣ ቁልፉን ስጫነው ሰውየው መጀመሪያ ያስብበታል" አለኝ። "የአባታችንን ግራ በሬ አስታወሰኝ። 'ሂድ' ሲሉት ሰምቶ እንዳልሰማ የሚቆመውን።"

"ከሩቅ ስለሚመጣ ነው" አልሁት።

"በሬውም ከሩቅ ነበር የሚያስበው" ብሎ ሳቀ። ከአደጋው በኋላ እንደዚያ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

ጥቂት ሳምንት ያገኘውን ሲገነባ ከረመ። ከዚያ የአባታችንን ግቢ መሥራት ጀመረ። ግቢያችን ከአርብ ገበያ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበረ። አባታችን ሲሞት እናቴ ወደ ከተማ ወጣች፤ ቤቱ ፈረሰ፤ ድንጋዩን ሰው ወሰደው፤ መሬቱን ዘመድ አረሰው። ዛሬ እዚያ ቢቆሙ ቤት ነበረ የሚያሰኝ ነገር አይታይም። ወንድሜ ግን በጌሙ ውስጥ ምሰሶውን አቆመ፣ በረቱን ከለለ። እኔም ከዚህ ሆኜ እየገባሁ አጥር አጥርለታለሁ። እናቴ ከኋላው ተቀምጣ ታርመዋለች።

"የበረቱ በር በፀሐይ መውጫ በኩል ነው! ከብቱን በገደል ልታወጣው ነው?"

"እማዬ፣ በዚህ ገደል የወደቀች ላም አትሞትም።"

"እንግዲያው ምኑን ላም ሆነች" ትለዋለች፤ በሩ እስኪዛወርም አትተወውም።

በእኛ በኩል ኔትወርክ ሲጠፋ ሳምንት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። በጠፋ ጊዜ ግቢውም አብሮ ይጠፋል። በመጀመሪያው ጊዜ ወንድሜ ደንግጦ ነበር። ኔትወርኩ ሲመለስ ዶሮዎቹ እንኳ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ሄዶ ስለተመለሰ ሁልጊዜ የሚመለስ መሰለን።

ባለፈው ኅዳር ከቀበሌው ወሬ መጣ። ያ አፋፍ ለመንገዱ ሥራ ድንጋይ ማውጫ ሊሆን ነው። ወንድሜ ይህን ለእናቴ ሲነግራት እኔም በስልክ አለሁ።  እናቴ፣ "ልጄ እዚያ ነው ያለ" አለች።

ሁለታችንም የማናውቀውን ነገር የነገረችን ያን ቀን ነው። ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። ያልተጠመቀ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አልተቀበረም፤ አያታችን በጨርቅ ጠቅልሎ በቤታችን ግቢ ውስጥ፣ አውድማው አጠገብ ቀበረው። ምልክት አላደረጉበትም። ምልክቱ ቤቱ ራሱ ነበር፤ በረቱ ከዚህ፣ አውድማው ከዚያ። ስም እንኳ አልወጣለትም። ከዚያ ወዲህ ስታልፍ ስታገድም ያን ቦታ ሳትረግጠው ኖራለች፤ እኛ ግን በላዩ እየሮጥን ነው ያደግነው።

ወንድሜ ቀበሌ ሄዶ ጠየቀ። መቃብር ያለው ሰው ቦታውን ያሳይ፣ ሁለት ሦስት ክንድ ትተን እንቆፍራለን፣ ግቢውን በሙሉ ግን አንተውም አሉት። እናቴ እዚያ ድረስ በቅሎም አያደርሳትም። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ፊት ቀረበች። ወንድሜ በጌሙ ውስጥ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ያስቀምጣል፣ እርሷ በበትሯ ጫፍ ስክሪኑን እየነካች ታዛውረዋለች። እኔም ከዚህ ሆኜ ያንኑ አያለሁ።

"ዝቅ አድርገው። አሁን በዛ። ከፍ አድርገው። ከበረቱ ጥግ ስንት እርምጃ ነው?"

በሦስት ቀን ሦስት ቦታ አደረገችው። በሦስተኛው ቀን "እህ" አለችና በትሯን መሬት አስቀመጠች፤ ቴሌቪዥኑን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ወንድሜ ፎቶ አንሥቷት ነበር። ፎቶው ላይ የሚታየው ጀርባዋና ነጠላዋ ነው፤ ስክሪኑ ነጭ ብርሃን ብቻ ነው።

በጥምቀት ማግስት ዐረፈች። ከማረፏ በፊት ወንድሜን እንዲህ አለችው፦ "ማሽኑ ቆፍሮ እንዳያወጣብኝ።" ሌላ ነገር አላለችም።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። እኔ በጾም ዘፈን አልሰማም፣ ፊልም አላይም፤ በሰው አገር ሳለሁ ይህንንም ከለቀቅሁ ምን ይቀረኛል እያልሁ ነው የኖርሁት። በቅበላው እሑድ ለወንድሜ ደውዬ ጌሙ እስከ ፋሲካ እንደማይከፈት ነገርሁት።

"እኔ ልጫወት መች አልሁ? አይቼ እወጣለሁ።"

"አይቶ የሚወጣ ሰው አላውቅም። ትናንት ሦስት ሰዓት ሙሉ ዶሮ ስታባርር አይቼሃለሁ።"

"ዶሮዋ የእማዬ ናት፤ እህል ላይ ገብታ ነው።" ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወው። "እታለም፣ የልጁ ድንጋይ እዚያ ነው ያለ። በወረቀት እስክገለብጠው አንድ ቀን ስጭኝ።"

"ከፋሲካ በኋላ ትገለብጠዋለህ። ድንጋዩ የት ይሄዳል?"

ፓስወርዱን ቀየርሁት። ለጌሙ ብቻ የከፈትሁትን ኢሜይልም እንዳያዘናጋኝ ከስልኬ አጠፋሁት። ለነፍስ አባቴ በስልክ ይህንኑ አጫወትኋቸው።

"ወንድምሽ ወዶ ነው?" አሉኝ።

"የለም አባ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁበት።"

"እንግዲያው የእርሱንም ጾም አንቺ ያዝሽለት በይኛ።"

እንደ ምስጋና ቆጠርሁት።

በፋሲካ ማግስት ከፈትሁት። ግቢው አልመጣም። በጥቁር ስክሪን ላይ አገልግሎቱ መቋረጡን የሚናገር አጭር ጽሑፍ ነበር፤ ከሥሩ ምስጋና። ኢሜይሉን ፈልጌ ገባሁ። ሦስት ማስታወቂያ ተልኮልኛል። የመጀመሪያው ጾሙ በገባ በሳምንቱ፣ ሁለተኛው ደብረ ዘይት አካባቢ፣ ሦስተኛው በሆሣዕና ዋዜማ። የሠራችሁትን አውርዳችሁ አስቀምጡ ይላል፤ እንዴት እንደሚወርድም በሥዕል ያሳያል። ሦስት ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። እኔ ሆሣዕና ዋዜማ ላይ ቤት ሳጸዳ ነበር የዋልሁት።

ጻፍሁላቸው። የእናቴን መሞት ሳይቀር ጻፍሁ። መልሱ ሲመጣ ትሑት ነበር፤ የቀረ ነገር የለም፣ በስምምነቱ መሠረት ተሰርዟል ይላል። ስምምነቱን ያን ጊዜ ነው ያነበብሁት። የሰጡን የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው፤ ፈቃዱን በፈለጉ ጊዜ ያነሡታል። ጌሙም የእነርሱ፣ ማሽኑም የእነርሱ፣ ማሽኑ ላይ ያስቀመጥነው ድንጋይም የእነርሱ ነበር። እሺ የሚለውን ተጭኜ ተስማምቻለሁ።

አባታችን በልጅነቱ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር ድጓ ሲማር ዓመት ፈጅቶ የራሱን መጽሐፍ በእጁ ገልብጦ ነው የወጣው። የመምህሩ መጽሐፍ እዚያው ቀረ፤ የእርሱ በማኅደር ሆኖ ትከሻው ላይ ተንጠለጠለ። የእርሱ ልጅ አንድ ቀን ልገልብጥ ብሎ ቢለምነኝ እኔ ከለከልሁ።

ያችን አብራኝ የምትሠራ ሴት ነገርኋት። አዘነችልኝ። ግን ወደፊት ሁሉም እንዲህ ነው የሚሆነው አለችኝ፤ ዲስክ የሚሸጥ አይኖርም፣ ማሽን ቤቱ የሚያስቀምጥ አይኖርም፣ ሰው ከሩቅ እየተላከለት ይጫወታል፣ ሲዘጋበት ወደ ሌላው ይሄዳል። ተረጋግታ ነው የምትናገረው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ሳየው የእናቴ ድምፅ የተቀዳበት የት እንደተቀመጠ፣ የፍትሐቷ ቪዲዮ የማን ማሽን ላይ እንዳለ እጠይቃለሁ። አላውቅም። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼም ሠርጉንም ልቅሶውንም ወደዚያው ይልካሉ፤ የት ነው ብትሏቸው ስልካቸውን ያሳዩአችኋል።

እኔና ወንድሜ ያየነውን ለማስታወስ ሞከርን። እርሱ በወረቀት ሥሎ ላከልኝ፤ ድንጋዩን ከአውድማው በታች፣ በበረቱ በኩል አድርጎታል። እኔ የማስታውሰው ከአውድማው በላይ ነው። "ከፍ አድርገው" ስትል ድምፅዋ አሁንም ይሰማኛል። የሁለተኛው ቀን ይሁን የሦስተኛው ግን መለየት አልቻልሁም። ተጨቃጨቅን፣ ተቀያየምን፣ ታረቅን። ሥዕሉ ሁለት ሆኖ ቀረ።

በግንቦት አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ደወለ። ደረጃው ላይ ወጣሁ። እስከ አርብ ገበያ በመኪና፣ ከዚያ ሰዎች በቅሎ ላይ ጭነውት አፋፉ ላይ ደርሷል። ከኋላው የመቆፈሪያው ማሽን ሞተር ይሰማል።

"እታለም፣ ሰዎቹ ቆመውልኛል። አንድ ቦታ አሳይ ተብያለሁ።"

"ምን ይታይሃል?"

"ምንም። የታረሰ ነው። አውድማውን እንኳ በግምት ነው ያገኘሁት።"

አንድ ሰው በአጠገቡ "ጋሼ፣ ሹፌሩ ምሳ ሳይበላ ነው የመጣ" ሲል ሰማሁ።

"ሁለቱንም ቦታ ተዉልኝ በላቸው" አልሁት።

"ብያለሁ። ስንት ልጅ ነው የቀበራችሁ አሉኝ።" ለሰዎቹ "ቆዩኝ" አላቸውና ወደ እኔ ተመለሰ። "እኔ ከታች ነው የምል። አንቺ ከላይ ትያለሽ። ታላቄ ነሽ፣ እማዬንም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያት ነበር። ንገሪኝና ልቁም።"

ጸሎት ለማድረግ ዐይኔን ጨፈንሁ። ግቢው እንዲመጣልኝ ነበር የፈለግሁት። የመጣልኝ ያ ጥቁር ስክሪን ነው።

"ከላይ" አልሁት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ከላይ ነው።"

በምርኩዙ ሲራመድ፣ ሲያለከልክ ሰማሁት። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ለሰዎቹ "ይኸውና" አላቸው። የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ፤ ከዚያ ከእርሱ እየራቀ ሄደ።

"በየት በኩል ጀመሩ?" አልሁት።

"በበረቱ በኩል። ከታች።"

ስልኩን አልዘጋውም። እኔም አልዘጋሁትም። ሁለታችንም ማሽኑ ሲቆፍር እናዳምጥ ነበር።