ስንደዶውንም ንከሩት አልኳቸው

እኔ ደግሞ አስተማሪ! ለመፈረም አውራ ጣቴን ቀለም የምነክር ሴት፣ መሰረተ ትምህርት ብገባ ከኋላ ቁጭ ብዬ እንቅልፌን የምለጥጥ፣ ማን ግቢበት አለኝ? ቤቴ ሆኜ ስፌቴን ብሰፋ ምን ይጎድልብኝ ነበር? ግን የሴቶች ማህበር ሊቀመንበሯ መጥታ «እትዬ፣ በየከተማው እየዞሩ ለሴቶቹ ስፌት ያስተምሩልን» ስትለኝ፣ አፌ እኔን ሳያማክረኝ «እሺ» አለ።

ደርግ ጊዜ ነው። ከናዝሬት ሎንቺና ተሳፍሬ ዛሬ ቆቃ፣ ሌላ ቀን መቂ፣ ሲለኝ ደግሞ ደብረ ዘይት። ወስፌዬን መቀነቴ ውስጥ ሽጉጥ አድርጌ እሄዳለሁ። ለማህበሩ ማስተማር ነው እላለሁ እንጂ ግማሹ የሹራብ አደን ነበር። ያኔ ደማቅ የስፌት ቀለም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ገበያ ገብተን ከሰልባጁ ክምር አሮጌ ሹራብ እንፈልግና ተርትረን በክሩ እንሰፋበታለን። ክርኑ ይቀደድ፣ ብብቱ ይሽተት፣ ምን ቸገረን! ቀለሙ የማይለቅ ቀይ ከሆነ ወርቅ አገኘሁ ማለት ነው። አንዴማ መቂ ላይ አንዱን ሰውዬ የለበሰውን አስወልቄ ገዝቼዋለሁ። በካናቴራ እየሳቀ ሄደ።

ዓለም ጤና ስሄድ የማርፈው ጓደኛዬ ቤት ነው። ልጅ ሆነን ናዝሬት አብረን ስፌት የተማርን ነን፤ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው አግብታ እዚያው ቀረች። እሷን እወዳታለሁ። እጇን ግን ማየት አልችልም ነበር። እኔ ሦስቴ አፍርሼ የምሰፋውን ጥለት፣ እሷ ሽንኩርት ለቃሚዎቹን እየተቆጣች፣ ዓይኗን እንኳ ሳትጥልበት ትጨርሰዋለች።

አንድ ጊዜ ሊቀመንበሯ አዲስ አበባ ኤግዚቢሽን አለ አለችን። የየከተማው ሴቶች ስፌት ይታያል፤ የበለጠው ከተማ አንዲት ሴት ይልካል፣ እሷም እዚያ ሰው ፊት ተቀምጣ ትሰፋለች። አዲስ አበባን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ናዝሬት ከበለጠች የምትሄደው እኔ ነኝ፤ ዓለም ጤና ከበለጠች ደግሞ እሷ። የዓለም ጤናን ሴቶች እንዳስተምር የተላክሁት ግን እኔው!

ስደርስ መሶቧን ጀምራለች። ቀዩ ዓይን ይወጋል።

«ይሄን ከየት አባሽ አመጣሽው?»

«ከመቂ። አንቺ በርብረሽ ከሄድሽው ክምር ስር» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ያን ሌሊት ግን ያ ቀይ ዓይኔ ላይ አደረ።

በማግስቱ የቀበሌው አዳራሽ ሃያ ሴት ጠበቀኝ። «አካም ጅርታ!» ብለው ተነሱልኝ። ከዚያ ሁሉም ከኋላ ወደተቀመጠችው ጓደኛዬ ዞሩ። «ይሄን እዪልኝ»፣ «ይሄን አስተካክዪልኝ።» አስተማሪዋ እኔ ቆሜያለሁ እኮ!

ስፌት እንዲህ ነው፤ ከላይ የሚጠቀለለው አክርማ ይነከራል፣ ውስጥ የሚገባው ስንደዶ ግን ደረቅ መሆን አለበት። ስንደዶው ርሶ ከተሰፋ ሲደርቅ ይከሳል፣ ስፌቱም ይላላል። ይሄን እኔ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። አፌን ከፍቼ «ስንደዶውንም ንከሩት፤ ደህና አድርጎ ይራስ» አልኳቸው።

ጓደኛዬ ከኋላ ቀና ብላ አየችኝ። ጣቷ ደረቁን ስንደዶ መስፋቱን ቀጠለ።

ቤቷ ስንገባ እግሬን የምታጠብበት ውሃ አቀረበችልኝና «ዛሬ ደክሞሻል እንዴ?» አለችኝ።

«ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ወር ሳይሞላ ከሊቀመንበሯ ጋር ስፌቱን ልንሰበስብ ተመለስን። የዚያ የሃያ ሴት ሥራ አንዱ ወደ ጎን ያጋደለ፣ አንዱ ጣት የሚያሾልክ፤ አንዷ ምስኪን የመሶቧን ክዳን ስታነሳው መሃሉ ወልቆ እጇ ላይ ቀረ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ የምገባበት አጣሁ።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ?» አለች ሊቀመንበሯ።

ጓደኛዬ ቀደመችኝ። «ጓድ፣ የኛ አገር ነፋስ ክፉ ነው፤ ያደርቀዋል።»

ከዚያ ሊቀመንበሯ የጓደኛዬን መሶብ አነሳች። ገለበጠችው፣ በጣቷ መታችው፤ ከበሮ ነው የሚመስለው። «ነፋሱ ይሄንን አያውቀውም? አንቺን ማን አስተማረሽ?»

«እሷ ናት» አለችና ወደኔ ጠቆመች። ምነው መሬት በዋጠችኝ!

ሊቀመንበሯም ከተማ ከከተማ ማወዳደሩን ተወችው። «እንዲህ የሚሰፋ እጅ ካለ ሌላ ምን እንፈልጋለን? አዲስ አበባ አንቺው ትሄጃለሽ» አለቻት። ስንወጣ ጓደኛዬን ወደ ጎን ሳብ አድርጌ «ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። «ሰው ፊት ላሳፍርሽ? አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነግሬያቸው ነበር። እነሱ ግን አስተማሪዋ ካለችው አንወጣም አሉኝ።»

ናዝሬት ገብቼ ሁሉንም ለጎረቤቴ ዘረገፍኩላት። ብትን ጨርቅ የምትሸጥ የወሎ ሴት ናት፤ አይዞሽ ትለኛለች ብዬ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ጨርቋን እያጠፈች፦

«ወላሂ፣ የሃያ ሴት ልፋት ከምታበላሺ ቀናሁብሽ ብትያት፣ ቦታውን ትለቅልሽ ነበር።»