ኦቦ በሁለት ዳቦ ያስረዱት

ያሳሰረኝ አንድ ወረቀት ነው። በማስተር ፕላኑ ግርግር ሰሞን ሰበታ አንድ የፋብሪካ ሳይት ላይ ፎርማን ነበርኩ። መንገድ ላይ ሲፈትሹኝ ኪሴ ውስጥ የወለል ተሸካሚ ቢም ስዕል ተገኘ፤ ረጅም መስመር፣ በላዩ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ነጥቦች። «እነዚህ የማን ቤቶች ናቸው?» አሉኝ። ሊቃጠሉ የታሰቡ ቤቶች መስለዋቸዋል። ብረት ናቸው ብል ማን ይስማኝ።

የታሰርኩባት ክፍል እርጥብ ካልሲ ካልሲ ትሸታለች። አጠገቤ ከተፍኪ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ሁላችንም ኦቦ እንላቸዋለን። ጤፋቸው ደርሶ አጫጅ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሌላ ጭንቀት የላቸውም። ጠዋት «አካም ቡልቴ? እንዴት አደርክ?» ካሉኝ በኋላ በምን እንደታሰርኩ ጠየቁኝ።

የቁርስ ዳቦዬን በዳቧቸው ላይ ደርቤ ጎበጥ ሳደርገው ተንሸራተተ። «የታችኛው የብረት ቢም፣ የላዩ የኮንክሪት ሶሌታ፣ የፎቁ ወለል ነው ይበሉ» አልኳቸው። ከመጥረጊያ ስንጥር ሰብሬ ሁለቱን ወጋኋቸው። አሁን አልተንሸራተቱም። «ነጥቦቹ እነዚህ ናቸው፣ ስተድ ይባላሉ። ብረቱ ላይ ይበየዳሉ፣ ኮንክሪቱ ይሞላባቸዋል፣ ከዚያ ሁለቱ እንደ አንድ ይሸከማሉ።»

ኦቦ ራሳቸው ደጋግመው ሞከሩት። ቁርሳችን ፍርፋሪ ሆኖ ቀረ፤ እስረኛው ሁሉ ሳቀብን።

በማግስቱ ሁለታችንንም ጠሩን። መርማሪው ወደ ኦቦ ዞሮ፣ «አባት፣ ነጥቦቹ ቤቶች ናቸው ብሎ ነግሮኛል ይበሉና ዛሬውኑ አገርዎ ይግቡ» አላቸው።

ፈራሁ፣ አልዋሽም። ጤፉን አሰብኩት። እሺ ቢሉም አልቀየማቸውም ነበር።

«ሁለት ዳቦ አስመጣ» አሉት ኦቦ። «ስንጥርም።»

ግራ ገብቶት አስመጣ። «ያዝ እንጂ፣ በሁለት እጅህ» አሉት፤ ያዘ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አስረዱት። መጨረሻ ላይ እኔ ያልነገርኳቸውን ጨመሩ፦ «ወደ ጫፍና ጫፉ ጠጋ ጠጋ አድርገህ ትወጋዋለህ። መንሸራተቱ የሚብሰው እዚያ ነው።»

መርማሪው ስዕሉን አነሳ። ነጥቦቹ ጫፍና ጫፉ ላይ ጠጋ ጠጋ ብለዋል።

እኔ ከዚያ በሦስተኛው ቀን ተፈታሁ። ኦቦ እዚያው ቀሩ፤ ሲወጡ አጨዳው አልፎ፣ ጤፉ ማሳው ላይ ረግፎ ጠበቃቸው።

ዛሬም ሱሉልታ ሳይት ላይ ለአዳዲስ መሐንዲሶች ስተድን የማስረዳው በሁለት ዳቦ ነው። እየሳቁ ይማራሉ፣ እኔም እስቃለሁ። የጫፉን ነገር ግን ሳልነግረው የደረሰበት እስካሁን አንድም የለም። ከኦቦ በቀር።