የእህቴ ቤት በወንዝ መሀል

ቡራዩ ውስጥ፣ ከገፈርሳ በኩል የሚወርደው ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ ዝቅ ብሎ መልሶ የሚገናኝበት ቦታ አለ። መሀሉ ላይ አሥራ ሁለት ቤት የያዘች ደሴት ቀርታለች። ደሴት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ ጫፍ ያነጠሰ ከሌላው ጫፍ «ይማርህ» ይባላል። ታላቅ እህቴ ሠላሳ ዓመት እዚያ ኖራለች።

ክረምቱ እንደወጣ ከሰበታ ተነስቼ ሄድኩ። መሻገሪያው ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንዶች ናቸው። ሮጬ እንደምሻገራቸው ለስንቱ አውርቻለሁ፤ ያን ቀን በአራት እግሬ ተሻገርኩ። የእህቴ ጎረቤት፣ እንደኔው ሽማግሌ፣ ማዶ ቆመው ያዩኛል።

«ኦቦ፣ ቀስ ይበሉ፤ ወንዙ ሽማግሌ አይንቅም» አሉና እጄን ይዘው አወጡኝ።

እሳቸው ቤታቸውን አፍርሰው ቆርቆሯቸውን እያሰሩ ነበር። ወንዝ ዳር ያለ ሁሉ ይነሳል ተብሎ፣ ቀያሾች መጥተው በየግድግዳው በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈው ነበር። ቁጥር ያለው ሁሉ ሱሉልታ በኩል ምትክ ቦታ ደረሰው። የእህቴ ግድግዳ ብቻ ንጹሕ ነው።

ቁጥሩን ያሳጠብኳት እኔ ነኝ። ቁጥሩ የተጻፈ ዕለት በስልክ ስታለቅስ፣ ነገር አዋቂው ወንድሟ በላምባ ፈትጊው፣ ቁጥር የሌለውን ቤት ማን ብሎ ያፈርሰዋል አልኳት። ቀልድ ይሁን ምክር እኔም አልለየሁትም። እሷ ሁለት ቀን ስትፈትግ ዋለች። ኋላ ለምትክ ቦታው መዝጋቢዎች መጥተው ቁጥር እያዩ ስም ሲጽፉ አለፏት። አለፉኝ ብላ ደውላ መረቀችኝ፤ እኔም ምርቃቱን ተቀበልኩ።

አሁን ግን ሰኞ ሁሉም ይፈርሳል። የደረስኩ ዕለት ይዣት የመዝጋቢዎቹ ቢሮ ሄድኩና ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ተናዘዝኩ። ሠራተኛው ልጅ ትሑት ነው፣ አንቱ እያለን አስቀመጠን። ዝርዝሩ ተዘግቷል፣ ቁጥር የሌለውን ቤት ነበር ብዬ መጻፍ አልችልም አለ።

ስንመለስ እኔ ጋ ሰበታ ነይ አልኳት። የምኖረው ልጄ ግቢ ውስጥ፣ አንድ አልጋ በምትይዝ ክፍል መሆኑን ታውቃለች።

«እዚያስ ደግሞ ምን ልትመክረኝ ነው?» አለችኝ።



ጎረቤትየው መዶሻ ይዘው መጡና ጣሪያዋን መንቀል ጀመሩ። እኔ የሚወድቀውን ምስማር ልለቅም ጎንበስ አልኩ። ዓይኔ ጭቃውንና ምስማሩን አልለይ አለኝ። እህቴ ገፋ አደረገችኝና ራሷ ለቀመችው።