የቅጥረኞቹ መጽሐፍና የየኔታ ስም

ያቺን ኮረብታ አውቃታለሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሁለት ጨረቃ በሚወጣበት ሌላ ዓለም ላይ ናት፤ የእኔዋ ሰሜን ግንባር ነበረች፣ ከድንጋይና ከእሾህ በቀር ምንም የሌለባት። ከታች ሆኖ ሽቅብ ለሚያያት ወታደር ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ውጣ ትባላለህ፣ ትወጣለህ።

ነገሩን ላስረዳ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን በመጽሐፍ ላይ የምንወያይ ጥቂት ሰዎች አለን። አብዛኞቹ ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። ባለፈው ወር ያነበብነው ከኮከብ ኮከብ እየዞሩ ለከፈላቸው ሁሉ ስለሚዋጉ ቅጥረኛ ወታደሮች የሚተርክ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነበር።

አቤል የሚባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በመጽሐፉ ፍቅር ተነድፏል። ቅጥረኛ አይጠላም፣ አያለቅስም፣ ሥራውን ሠርቶ ይሄዳል፤ የሚያሸንፈውም እንዲህ ያለ ወታደር ነው ብሎ ተከራከረ። ነርሷ ትዕግሥት ግን አልወደደችውም። ሁሉም የሚጠሩት በቅጽል ስም ብቻ ስለሆነ፣ ሲሞቱ አንዳቸውም እንዳላሳዘኗት ተናገረች። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ወታደር ስለነበርኩ የሚያስታርቃቸው ቃል ከእኔ አፍ የሚወጣ መስሏቸዋል። እኔ ደግሞ ሲከራከሩ ሳስብ የነበረው ስለ የኔታ ነው።

የኔታ የምንለው ለቀልድ ነው እንጂ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ስሙ ይበልጣል ነበር፤ የሮብ ገበያ ሰው፣ ከቅኔ ቤት ወጥቶ የዘመተ። ወደ ግንባር እንድንንቀሳቀስ ትእዛዝ በመጣ ዕለት በጋንታችን እየዞረ የእያንዳንዳችንን የክርስትና ስም ጠየቀን። ሟች ፍትሐት የሚደረግለት በክርስትና ስሙ ነው፤ ስሙ ካልታወቀ ቄሱ ማን ብሎ ይጸልይለታል? ብሬን ተኳሻችን ብርሃኑ ገና ሳንሞት ልትቀብረን ነው እንዴ ብሎ ተቆጣው። የኔታን ቁጣ አይበግረውም።

«ስምህን ስጠኝ፣ ዕድሜውን እግዜር ይስጥህ» አለው።

ሰጠው። የወሎው ሰይድ እኔ የክርስትና ስም የለኝም ቢለው፣ እንግዲያስ የእናትህን ንገረኝ ብሎ የእናቱን ስም ተቀበለው።

የቆሎ ተማሪ ነውና አንዴ የሰማው አይጠፋውም። ሲመሽ ኮቾሯችንን፣ ያን ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ በልተን ስንጨርስ፣ ምሽጉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስሞቹን አንድ በአንድ እያነሣ ይጸልይ ነበር። ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ማርያም። ኃይለ ማርያም እኔ ነኝ። ከመስማት ብዛት እኛም በቃላችን ያዝናቸው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ የኔታ ግን ለራሱ ጨርሶ አልቆረሰም። የእሱ ስም ከመካከላቸው አልነበረም፤ ያንንም ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

የማጥቃት ትእዛዝ የደረሰን ሊነጋጋ ሲል ነው። ከኋላችን ከባድ መሣሪያ መተኮስ ጀመረ። ተነሣን። እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ የተኮሰብን አልነበረም። ከዚያ ተኮሱ። ብርሃኑ ወደቀ። ሰይድ ብሬኑን አነሣ፤ እሱም ወደቀ። ተኛን፣ ተነሣን፣ እንደገና ተኛን። የኔታ ከጎኔ ነበር። «በርታ» አለኝ። ቀና ብዬ ስሮጥ አብሮኝ አልተነሣም። ረፋድ ላይ ኮረብታዋ በእጃችን ገባች። በደስታ የጮኸ አልነበረም፤ ሁላችንም የፈለግነው ውኃ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ የሞቱትን ሰበሰብን። የጋንታ መሪያችን ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ከመቀበራቸው በፊት በየስማቸው ይጠሩ አለ። ጠራናቸው። ለሰይድ የሃይማኖት ወንድሞቹ ቆመው ጸለዩለት። የኔታ ጋ ደረስን።

«የእሱስ?» አለ የጋንታ መሪው።

እርስ በርስ ተያየን። የሁላችንን ስም የያዘ ሰው ነው፤ የእሱን የጠየቀ ግን ከመካከላችን አንድም አልተገኘም። የጋንታ መሪው ኮፍያውን አውልቆ አለቀሰ። እኛም አለቀስን። ይበልጣል ብለን ብቻ አፈር አለበስነው።

ከጦርነቱ እንደተመለስኩ ስሙን ፍለጋ ሮብ ገበያ ሄድኩ። ያጠመቁት ቄስም የክርስትና አባቱም አርፈዋል። የቀሩት እናቱ ብቻ ናቸው። መርዶው ተነግሯቸዋል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ለቅሶው ተለቅሷል፤ ፍትሐቱን ግን አላስደረጉም። ስሙን ስጠይቃቸው ፊታቸውን አዞሩ።

«ተማርኮ ይሆናል። በሕይወት ባለ ልጄ ላይ ፍትሐት አላስደርግም» አሉኝ።

«እማማ፣ በእጄ ነው የቀበርኩት» አልኳቸው። ይህን መናገር እንዴት እንደከበደኝ እግዜር ያውቃል።

«አንተ አይተሃል፣ ልጄ። እኔ አላየሁም።»

ከዚያ ወዲህ በየዘመን መለወጫው እሄዳለሁ። ስሙን እጠይቃለሁ፣ ይከለክሉኛል፣ ምሳ አብልተው ይሸኙኛል። ባለፈው ዓመት ልሄድ ስነሣ እጄን ያዙና የእኔን የክርስትና ስም ጠየቁኝ። ጠዋት ጠዋት ለልጃቸው ጤንነት ሲጸልዩ እኔንም አብረው ሊያነሡኝ ነው። ነገርኳቸው። ደብረ ማርቆስ እስክደርስ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ነው የሄድኩት።

ለወጣቶቹ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። መጽሐፉ መጥፎ አይደለም፤ ጸሐፊው ፍርሃትን ያውቃል፣ ተኩሱም ተኩስ ነው። ነገር ግን እኔም እንደ ትዕግሥት አላለቀስኩበትም። አቤል እናትየው አሁንም አሉ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አሉ አልኩት።

ያን ቀን ኮረብታዋ ላይ ከጋንታችን ስምንት ሰው ሞተ። ሰባቱ እንደየእምነታቸው ጸሎታቸውን አግኝተዋል። ስምንተኛውን እናቱ ዛሬም ጠዋት ተነሥተው፣ በማላውቀው ስሙ፣ ከእኔ ጋር ከሕያዋን ቆጥረውታል።