ለአባቴ ኬሚስትሪ እማራለሁ ያልኩበት ዓመት

ከድሬዳዋ የወጣሁ ቀን፣ አመሻሹ ላይ፣ አባቴ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ አስቀመጠኝና አስማለኝ። አባባ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ፈረንሳይኛውንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

«የፈለግሽውን ተማሪ» አለ። «መድኃኒት ይሁን፣ ሂሳብ ይሁን። ፖለቲካ ግን እንዳትነኪ። በእናትሽ አጥንት ማይልኝ!»

ማልኩለት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ምክንያቱን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ታላቅ ወንድሜ ግርማ በቀበሌያችን የውይይት ክበብ ተነስቶ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ነበር፦ የኅብረት ሱቁ ስኳር ገና ሳይሸጥ ለምን ያልቃል? ለዚያች ጥያቄ አንድ ዓመት ታሰረ። ያ ቀልደኛ ልጅ ገብቶ፣ «እሺ» እና «ደህና» ብቻ የሚል ሰው ተመለሰልን። ያን ምሽት ሲሰናበተኝ እንኳ ግንባሬን ስሞ «ደህና» ብቻ አለኝ።

ከአገር ያወጡኝ የመጋላ ሰፈሯ አዴ ፋጡማ ናቸው፤ የእናቴ ወዳጅ፣ ጅቡቲ እየተመላለሱ የሚነግዱ ሴት። ሽቲ ቀሚስ አልብሰው፣ ሻሽ አስረው የእህታቸው ልጅ አደረጉኝ።

«አቦ አትንቀጥቀጪ!» አሉኝ ባቡሩ ውስጥ። «ፈታሾቹ ሲመጡ ተኚ። የተኛ ሰው፣ ወላሂ፣ አይጠየቅም።»

ለማስመሰል ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እውነትም እንቅልፍ ወሰደኝ። ድንበሩን ያለፍሽው እያንኮራፋሽ ነው ይሉኛል እሳቸው።

ጅቡቲ ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ፤ ሙቀቱ የድሬን ሙቀት ያስመሰግናል። ከዚያ የስደተኛ ወረቀት ወጣልኝና ሊዮን የምትባል የፈረንሳይ ከተማ ገባሁ። እዚህ ፀሐይ ትወጣለች እንጂ አትሞቅም። ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ ላይ በዘንቢል የምንገዛውን ማንጎ አንድ ፍሬ በወረቀት ጠቅልለው ይሸጡታል። ጎረቤት «ቦንዡር» ይልና በሩን ይዘጋል። አከራዬማ፣ አንድ ቀን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ማድሞዋዜል፣ ትናንት ታጥበሽ አልነበር?»

«አዎ፣ መዳም።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ሆንሽ?»

በቀን ሁለቴ እየታጠበች ያደገች የድሬ ልጅ ምን ብላ ትመልስ?

የዩኒቨርሲቲው ፎርም ላይ መጀመሪያ «ሺሚ» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ፤ ኬሚስትሪ ማለት ነው። በመስኮቱ ሳይ ግን ደጅ ላይ ተማሪዎች ስለ መንግሥታቸው ይጯጯሃሉ፤ ፖሊሱ ደግሞ ዳቦውን እየገመጠ በአጠገባቸው ያልፋል። ግርማ ትዝ አለኝ። አንድ ጥያቄ አንድ ዓመት የሚያሳስረው ለምን እንደሆነ ሳልረዳ ብቀር ዕድሜ ልኬን እንደምበግን ገባኝ። «ሺሚ»ን በላጲስ አጥፍቼ «ሲያንስ ፖሊቲክ» ብዬ ጻፍኩ፤ የፖለቲካ ሳይንስ። መሐላዬን ማፍረሴ ነውና እርሳሱን አጥብቄ ተጫንኩት፤ ወረቀቱም ተቀዶብኝ ሌላ ፎርም ለመንኩ።

ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰርና አንዲት ጸሐፊ ተቀምጠዋል።

«ይህን ትምህርት ለምን መረጥሽ?» አለኝ ሽማግሌው።

እኔ ስለ ፖለቲካ ስጠየቅ የማውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው። ብድግ አልኩ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ፣ እንደ ቀበሌያችን ልማድ ቆሜ ግለ ሂሴን ጀመርኩ። «ጓድ ሰብሳቢ፣ በውይይት ክበብ ሦስት ጊዜ አንቀላፍቻለሁ። ስብሰባ አቋርጬ ማንጎ ልገዛ ሄጃለሁ። በሴቶች ማኅበር ስብሰባ የአክስቴን ልጅ በኔ ስም ልኬያለሁ...»

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። «ማድሞዋዜል፣ ማን ከሰሰሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ንገሪኝ። ጥያቄም ካለሽ ጠይቂ።»

«ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማነው?» አልኩ ወደ ጸሐፊዋ እያየሁ።

ጸሐፊዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወረቀቷን አሳየችኝ። ለምሳ የምትገዛውን ነበር የምትጽፈው፤ አይብ፣ ካሮት፣ ዳቦ። ተቀመጥኩና የግርማን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ተቀበሉኝ። ከዚያ ክፍል ስወጣ የቀለለኝን መቅለል ልነግራችሁ አልችልም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ለአባባ ግን «ኬሚስትሪው ጥሩ ነው» እያልኩ ስጽፍ ከረምኩ። እሱ የዋሁ «ለጉልበት ሕመም የሚሆነው የትኛው መድኃኒት ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ስለ ጉልበቱ ሦስተኛው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ውሸቴ ራሴን አስጠላኝ። በደብዳቤ ቀን ቆርጠን፣ አባባ ግርማን ይዞ ድሬ ስልክ ቤት ጠበቀኝ። የተፈቀደልን ሦስት ደቂቃ ነው። መስመሩን ሌላ ጆሮም ሊሰማው ስለሚችል የትምህርቱን ስም አልጠራሁም።

«አባባ፣ ግለ ሂስ አለብኝ።»

«ቀጥይ» አለኝ።

«ኬሚስትሪ አይደለም የምማረው። ያን ቀን እንዳትነኪ ያልከኝን ነው።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ።

«ስትናገሪ ያስቆሙሻል?» አለኝ።

«እኔ ቆሜ ነበር። እነሱ ናቸው ተቀመጪ ያሉኝ።»

«ተቀምጠሽ ነው የምትናገሪው?»

«ተቀምጬ፣ አባባ።»

«በይ እንግዲያው ተማሪ። የጉልበቴን ነገር ሐኪም እጠይቃለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔም እፎይ አልኩ፤ ስንት ወር ሙሉ የያዝኩትን ትንፋሽ ያኔ ነው የለቀቅኩት።

ስልኩን ግርማ ተቀበለው። «ደህና ነሽ» ብሎ ስልኩን ለአባባ የሚመልስ መስሎኝ ነበር።

«እዚያ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው?» አለኝ።

«ይቻላል፣ ግርምሽ።»

«እንግዲያው አንድ ጠይቂልኝ።»

«ምን ብዬ?»

ሊናገር ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። ሦስቱ ደቂቃ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ።