ሻሎ የሚለውን ስም ማን ያዘው?

ዲላ ውስጥ ሥራ የጀመርኩት ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለች፣ ፎቶ ኮፒም ባነርም ድረ ገጽም በምትሠራ ጠባብ ሱቅ ነው። የመጀመሪያው ቀን አለቃዬ አቶ ታምራት ወንበር ሳይሰጠኝ ትእዛዝ ሰጠኝ። «የድረ ገጽ ስም ከሰው ላይ ስትገዛ ለማን እንደምትገዛ እንዳትናገር። ሻጩ ፈላጊውን ካወቀ ዋጋውን ሰማይ ይሰቅለዋል።» ቃሉን እንደ ስልክ ቁጥሬ ያዝኩት።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ደንበኛው ስም ይነግርሃል፤ ኢንተርኔት ላይ ተይዞ እንደሆነ ታያለህ። ካልተያዘ ታስመዘግባለህ፤ ከተያዘ ከያዘው ሰው ጋር ትደራደራለህ። የንግድ ምልክት ግን ሌላ ነው፤ አዲስ አበባ ሄዶ ይመዘገባል። ብዙ ደንበኛ አንዱን ሲያስመዘግብ ሌላው አብሮ የመጣለት ይመስለዋል። አይመጣም።

ወይዘሮ አስቴርም እንደዚያ መስሏቸው ነበር። ጨለለቅቱ ላይ የቡና ማጠቢያ አላቸው፤ ቡናውን በሟች አባታቸው ስም «ሻሎ» ብለው ለንግድ ምልክት አመልክተዋል። አንድ ጠዋት ከሚኒባስ ወርደው መጡና አዲስ ጆንያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። ከስሙ ሥር የድረ ገጽ አድራሻ ታትሞበታል።

«በል ይህን ክፈትልኝ። የውጭ ገዢው ናሙናውን ወስዷል፤ የሚፈልገኝ በዚህ ነው» አሉኝ።

ፈለግኩት። ተይዟል። የተያዘውም በዚያው ሳምንት ሰኞ ነው።

«ለማን ተናግረው ነበር?»

«እኔ? ለማንም! እሁድ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጥቼ አስጸለይኩበት እንጂ።»

አቶ ታምራት ከማተሚያው ጀርባ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኛ ዘንድ ሰው አዲስ ሥራ ሲጀምር ጉባኤው ፊት ሳያቀርብ አይጀምርም፤ ያ ሁሉ ምእመን በስሙ ላይ አሜን ብሏል። ወይዘሮ አስቴር ግን አልሳቁም። «የአባቴን ስም ባዕድ ሊቸበችበው ነው?» አሉና እንባቸው መጣ። ያን ጊዜ ያንን ሰው አግኝቼ ባንቀው ደስ ባለኝ።

የያዘው ሰው ማንነት ተደብቋል፤ መልእክት መላክ ግን ይቻላል። በተማርኩት መሠረት የደንበኛዬን ስም ሳልጠቅስ «ስንት ትሸጠዋለህ?» ብዬ ጻፍኩ። የጠራው ዋጋ ማጠቢያውን ከነማሽኑ ይገዛል። ደሜ ፈላ። «በዚህ ስም የንግድ ምልክት ተጠይቆበታል፤ ካልለቀቅክ በሕግ እንጠይቅሃለን» ብዬ ደገምኩለት።

መልሱ ሲመጣ ወይዘሮ አስቴር አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «ጮክ ብለህ አንብበው» አሉኝ። አነበብኩ።

«አንተ ሌባ ደላላ! ሻሎ አያቴ ነው። ምልክቱን የጠየቀችው አክስቴ አስቴር ናት፤ ለገና ልሰጣት የያዝኩላትን ስም እሷ ካላዘዘችኝ ለማንም አልሸጥም። ክሰሰኝ፣ እዚያው እንገናኝ!»

«ብሩክ ነው!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። «የእህቴ ልጅ! እሁድ ከመዘምራኑ ጋር ቆሞ ነበር እኮ!» ወዲያው ደወሉና ድምፁን ለሁላችንም ለቀቁት።

«አንተ! እኔን ነው ክሰሰኝ የምትለው?»

«አክስቴ፣ ምነው? አንድ ደላላ ስምሽን ሊወስድብሽ ነበር፤ አትስጊ፣ ዋጋውን ሰቅዬ አባረርኩት።»

«ደላላው የእኔ ነው! እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብሏል!»

ብሩክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ። «እና… ዋጋው በዛበት እንዴ?»

አቶ ታምራት ሳቁን ለቀቀው፤ ወይዘሮ አስቴር እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ሳቁ። ለካ ብሩክ የሚማረው ከሱቃችን ፊት ለፊት ኖሯል። መንገዱን ተሻግሮ መጣ፣ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጦ ስሙን ወደ አክስቱ አዛወረ። «ሌባ» ስላለኝ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም በልቤ ላነቅኩት አንገቱ ይቅርታ ጠየቅሁት። ድረ ገጹ በዚያው ሳምንት ተከፈተ፤ ገዢውም አገኛቸው።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው። የንግድ ምልክቱንና የድረ ገጹን ስም ጉባኤ ሳይሰማ፣ በአንድ ቀን አስይዙ። ስሙ ተይዞ ካገኛችሁት ደንበኛው መጀመሪያ ዘመዶቹ ጋ ይደውል። ስም የያዘ ሁሉ ሌባ አይደለም፤ አንዳንዱ ዘብ ነው።