የአጥር በሩን መብራት ማን ያብራ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ምህረት ከሐዋሳ መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ኮሪደራችን ላይ ቆማ ግድግዳውን ታይ ጀመር... «አባባ፣ ይሄን የማብሪያ ማጥፊያ ሰልፍ እንግዳ ቢያየው ፋብሪካ የገባ ነው የሚመስለው» አለችኝ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ሶዶ ያለውን ቤቴን በአንድ ጊዜ አልሠራሁትም። ልጅ ሲወለድ አንድ ክፍል እየጨመርኩ ነው። የኤሌክትሪኩን ሥራ ማንም አላስተማረኝም፤ መጽሐፍ እያነበብኩ፣ እየነዘረኝ ተማርኩት። የየክፍሉን ማብሪያ ማጥፊያ ክፍሉ ውስጥ አላደረግሁም፤ ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ፣ ከመኝታ ቤታችን በር አጠገብ ደረደርኳቸው። ልጅ መብራት አብርቶ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ እኔ ደግሞ በየክፍሉ እየዞርኩ አላጠፋም። ሦስት ሰዓት ሲሆን አንድ ቦታ ቆሜ ቤቱን በሙሉ አጠፋለሁ። የአጥር በሩን መብራትማ እንግዳ እንደሚመጣ ካላወቅሁ ጭራሽ አላበራውም። ዛሬም ትክክል ነኝ እላለሁ።

ልጆቹ አድገው ሄዱ። ባለቤቴ ክረምት ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ያለ ከዘራ አትንቀሳቀስም፤ በከዘራውም ሩቅ አትሄድም። ሳሎን ሶፋው ላይ ትውላለች። ሲመሽ «የምህረት አባት፣ መብራት» ትላለች፤ ተነሥቼ አበራለሁ። ጓሮ እንሰቱ ጋ ከቆየሁ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ከዘገየሁ በጨለማ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ምህረት ይህን ሰምታ ነው ስማርት የሚሉትን ማብሪያ ማጥፊያ በየዓይነቱ ይዛ የመጣችው። አንዱን እንምረጥና የቤቱን ሁሉ እንቀይር አለች።

ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። አንደኛው ፊቱ መስታወት የሆነ፣ በጣት ሲነኩት የሚበራ ነው። ቆጣሪውን አጥፍቼ ከግድግዳው አንዱን ፈታሁና ውስጡን አሳየኋት። የእሷ መስታወት ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ኒውትራል የሚባል ሽቦም ይፈልጋል፤ እኔ ግን እዚያ ድረስ ያወረድኩት ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ፣ ፌዙን ብቻ ነው። ግድግዳውን ፈልፍለን እናውርድ አለች። የእኔን ግድግዳ ማንም አይፈለፍልም አልኳት።

ሁለተኛው አምፖሉ ራሱ ስማርት የሆነው ነው፤ በስልክ ይታዘዛል። ኔትወርክ ሲጠፋስ? ብዬ ጠየቅኋት። ጥያቄዬን አልፋ በድምፅም ይታዘዛል ብላ ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት። ባለቤቴ በወላይትኛ አዘዘችው... ዝም። በአማርኛ ደገመችለት። ስልኩ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቃት።

«ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው? የቤት ቋንቋ አላስተማሩትም» አለችና ስልኩን መለሰችላት።

ሦስተኛው እኔም የማልጠላው ሆኖ ተገኘ። የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር ናት፤ ኮርኒሱ ሥር ሽቦዎቹ የሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ትገባለች። እዚያ ፌዙም ኒውትራሉም አለ። ማዘዣዋ በባትሪ የምትሠራ፣ የትም የምትለጠፍ ቁልፍ ናት። ስልክ አትፈልግ፣ ኔትወርክ አትፈልግ። የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያም እንደ ድሮው ይሠራል፤ በአንዱ ያጠፉትን በሌላው ማብራት ይቻላል። ይቺ ትሁን አልኩ።

ምህረት ግን ከዚህ ዓይነት የያዘችው አንድ ብቻ ነበር። የቀረውን ከሐዋሳ እልካለሁ አለች። እስከዚያ ይቺ የት ትግባ? እኔ ሳሎን ነው አልኩ። ምህረት ደግሞ መኝታ ቤት፤ እማ ሌሊት ስትነሣ ዳግመኛ ብትወድቅስ አለች። ተከራከርን። ሁለታችንም ድምፃችን ከፍ አለ።

«የምትከራከሩት ለእኔ መብራት ነው?» አለች ባለቤቴ።

ለአንቺ ነው አልናት።

«እንግዲያው የአጥር በሩን አድርጉልኝ።»

እስከዚያ ድረስ ለማትሄጂበት በር መብራት ምን ያደርግልሻል? አልኳት። መልሱን የሰጠችው ለልጇ ነው።

«ሰው ሊጠይቅ የሚመጣው ከሥራ ገብቶ፣ ልጆቹን አብልቶ፣ ከመሸ ነው። በሩ ጨለማ ከሆነ ተኝተዋል ብሎ ይመለሳል። ደህና ሳለሁ አባትሽ ሳያይ ሄጄ አበራው ነበር። አሁን ማን ያብራው?»

ምህረት ወደ እኔ ዞረች። የወደቀች ሰሞን ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ነበር፤ ከዚያ ሰዉ ቀስ በቀስ ቀረ። አንድ ምሽት ለምን ቀሩ ብላ ስትጠይቀኝ፣ ሰው እንዲህ ነው፣ ይረሳል፣ ልመጂው ብያት ነበር። ያበራ የነበረው የእሷ እጅ እንደሆነ እኔ ከየት ላውቅ...

መሰላል አምጥቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። ሲመሽ ጨረስኩ። ቁልፏን ሶፋው ክንድ ላይ ለጠፍንላትና ባለቤቴ በአውራ ጣቷ ተጫነቻት። በመስኮት በሩ ሲበራ አየን።

ብዙም አልቆየ፣ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ወይዘሮ አበበች ትኩስ ጎደሬ በሰሃን ይዛ ገባች። «የምህረት እናት፣ በጊዜ የምትተኙ መስሎኝ እኮ ስንቴ ከበር ተመለስኩ» አለቻት። ባለቤቴ እጇን ያዘችና ቶሎ አልለቀቀቻትም። ከእሷ ኋላ ሌሎችም መጡ፤ ሳሎኑ በወላይትኛ ወሬ ሞላ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። እንደ ልማዴ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የአጥር በሩን አጠፋሁ። ወዲያው መልሶ በራ። ደግሜ አጠፋሁት፤ ደግሞ በራ። ከሳሎን የሴቶቹ ሳቅ ይሰማኛል...

ማብሪያ ማጥፊያውን ተውኩትና ለሚመጣ ሰው ወንበር ልጨምር ገባሁ።